የወንዝ ዱቄት

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህ ሆሳዕና አንድ የግንባታ ማሠልጠኛ ተማሪዎቹን ሲያስመርቅ፣ ጡረታ የወጣን መምህራንም ተጋብዘን ነበር። ለጡረተኛ የሚሰጠው ቦታ የታወቀ ነው፤ ከባለሥልጣን ኋላ፣ ከወላጅ ፊት። እዚያ ተቀምጬ ውሃዬን እየጠጣሁ ሳለ የክብር እንግዳው ስም ከመድረክ ተጠራ፤ ኢንጂነር ጴጥሮስ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ወገቡም ጎበጥ ብሏል። ድምፁ ግን ያው ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና ሰው ጸጥ ሲልለት ይበልጥ ዝቅ ያደርገዋል።

ስለ ድንጋይ ተናገረ። ዛሬ የግድግዳ ልባስ የሚሸጡ ሱቆች ቡናማ የሆነውን ሁሉ «ሳንድስቶን»፣ የአሸዋ ድንጋይ፣ እንደሚሉት፣ ተማሪዎቹ ግን ስም ሰምተው ሳይሆን ድንጋዩን አይተው እንዲገዙ መከራቸው። ይህ ጥሩ ምክር ነው። ከዚያ ሊያስቃቸው ፈለገና አንድ ታሪክ ጨመረ። በወጣትነቱ አብራው ትሠራ የነበረች አንዲት የከተማ ልጅ፣ የሌለ የድንጋይ ዓይነት መዝግባ፣ አንድ ትልቅ የጂኦሎጂ ባለሙያ በገደል ውስጥ እንዳንከራተተች ነገራቸው። «የገዛ አገሯን ወግ ስለማታውቅ ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው የቀድሞ ባልደረባዬ ክንዴን ይዛ ሳቀች። እኔም ጥርሴን አሳየሁ።

ልጅቷ እኔ ነኝ። ጴጥሮስ የተናገረው ውሸት አይደለም። የተወው ግን ከተናገረው ይበልጣል፤ የተወውን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከአዲስ አበባ አንድ የጥናት ቡድን መጣ። ቡድን ይባል እንጂ ሁለት ሰው ነበር፤ ጋሽ ኃይሉ የሚባሉ የጂኦሎጂ ባለሙያና ሾፌራቸው። ሥራቸው በሀዲያና በከምባታ ለትምህርት ቤትና ለድልድይ የሚሆን ድንጋይ የት የት እንዳለ መመዝገብ ነበር። የሚያስተረጉሙና ቅጽ የሚሞሉ ሁለት የአካባቢ ልጆች ፈለጉ። ትምህርት ቤታችን እኔንና ጴጥሮስን ላከ።

ጴጥሮስ የአንጋጫ ልጅ ነው። ሆሳዕና ዘመድ ቤት ተቀምጦ ሲማር አንድ ክፍል ነበርን። በፈተና አንዳንዴ እሱ ይበልጠኝ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እኔ እበልጠው ነበር። ለጉራ ብዬ አይደለም፤ ካርዱ ዛሬም አለኝ። ለእሱ ከምባትኛ በእናቱ ቤት ያደገበት ቋንቋ ነው፤ ሀዲይኛውን ሆሳዕና ለምዶታል። እኔ የሀዲያ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ግን ከዱራሜ ወገን ስለሆነች ከምባትኛም እሰማለሁ፣ እናገራለሁም። ለጋሽ ኃይሉ ሁለታችንም በሁለቱም ቋንቋ እንጠቅማለን ማለት ነው።

ጋሽ ኃይሉ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ነገሩን። ሥራው ሲያልቅ ከሁለታችን አንዳችንን ይዘው ይመለሳሉ፤ አዲስ አበባ በቴክኒሻንነት ሠልጥኖ ቋሚ ሠራተኛ የሚሆን። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ጴጥሮስ ጫማውን ሲያይ ትዝ ይለኛል። እኔ የት እንዳየሁ አላስታውስም፤ እሱን ግን አላየሁትም።

ይህ ቦታ ለእኔ ምን እንደነበር መናገር አለብኝ። አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ፎንቆ ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነበረው፤ ስንዴ የሚያመርት፣ ሰው የሚያከብረው ሰው። የእሱ ልጅ ለእኔ ታስቦ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። አባቴ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ሥራ ካገኘሽ ይጠብቃሉ፣ አናግሬያቸዋለሁ። ካላገኘሽ ግን ሰውን በባዶ ማስጠበቅ ነውር ነው።» እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ሥራውን እንደማገኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ነበር። ጋሽ ኃይሉ በላንድሮቨሩ ጀርባ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበራቸው፤ ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ድንጋዮች። አብዛኞቹ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ከሰሜን፣ ከዓባይ ሸለቆ፣ ከሐረር በኩል የመጡ። በእኛ አገር ያለው ድንጋይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው ይሉ ነበር፤ እውነተኛ የአሸዋ ድንጋይ ካለ ከሀደሮ በታች ወደ ኦሞ በሚወርደው ገደል ውስጥ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ሊሆን ይችላል። ያንን ማግኘት ይፈልጉ ነበር። ሌላው ሥራ ነው፤ ይሄኛው የራሳቸው ጉጉት ነበር።

«አሸዋ የአንድ ነገር ስም አይደለም» አሉን። «የመጠን ስም ነው። ከጠጠር ያነሰ፣ ከደለል የበለጠ ሁሉ አሸዋ ነው። ስለዚህ የአሸዋ ድንጋይ ስትሉ ገና ምንም አላላችሁም። ቅንጣቱ ምንድን ነው? ያጣበቀውስ? ስሙ የሚመጣው ከዚያ ነው።»

አንድ በአንድ እያወጡ በእጃችን አስያዙን። ነጭ ለማለት የሚያስደፍር፣ በሌንስ ሲታይ ስኳር የመሰለ ነበር፤ ቅንጣቱ ሁሉ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው፣ ስሙም ኳርትዝ የበዛበት የአሸዋ ድንጋይ። ሮዝ ቢጤ፣ በፀሐይ ሲያዞሩት አንዳንዱ ቅንጣት እንደ ትንሽ መስታወት ብልጭ የሚል ሌላ ነበር፤ ይህ ፌልድስፓር የሚባል ሌላ ማዕድን የበዛበት ነው፣ አርኮስ ይባላል፤ ብዙ ሳይጓዝ በቅርብ የተከማቸ አሸዋ ነው። ጥቁር ግራጫ፣ በቅንጣቶቹ መሃል ጭቃ የሞላበት ደግሞ ግሬይዋክ። ከዚያ በማጣበቂያው። አሲድ ጠብ ሲደረግበት የሚፈላው በኖራ የተያያዘ ነው፤ ቀዩ በብረት ዝገት፤ መዶሻ የሚመልሰው በራሱ በኳርትዝ። በመጨረሻ የቦታ ስም አለ። ከአዲግራት የመጣውን አወጡና፣ ይህ ስም በመላው አገር ይሠራል፣ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ያለውም በዚያው ስም ይጠራል አሉ። ጴጥሮስ፣ ዓባይ ያሉ ሰዎች አይከፋቸውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ኃይሉ ሳቁ። እኔ ጥያቄው ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከጠየቅነው ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

ቅጹ ላይ «የአካባቢ ስም» የሚል ረድፍ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ለዚህ ረድፍ ትልቅ ክብር ነበራቸው። ገበሬ ለአንድ ድንጋይ ሁለት ስም ከሰጠ እኔ ያላየሁትን ልዩነት አይቷል ማለት ነው፤ ተከተሉት ይሉን ነበር። አንዳችን ስንሞላ ሌላኛችን አንብበን «ያረጋገጠ» በሚለው ቦታ እንፈርማለን። ይህን ፊርማ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ግንበኞች ድንጋይ የሚያወጡበት ቦታ ነበር። መስከረም ነው፤ መንገዱ ገና ጭቃ፣ የገብሱ ማሳ አረንጓዴ፣ አጥሩ ሥር ሁሉ እንሰት ቅጠሉን ዘርግቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ድንጋዩ ቢጫ ቀለም ያለው፣ በመጥረቢያ የሚጠረብ፣ ሲፈገፈግ አሸዋ የሚሆን ነው። ግንበኞቹ «የአሸዋ ድንጋይ» ይሉታል። ያን ቀን ቅጹን የሚሞላው ጴጥሮስ ነበር። ዓይነት በሚለው ቦታ ላይም «የአሸዋ ድንጋይ» ብሎ ጻፈ።

ለፊርማ ሲሰጠኝ አልፈረምኩም። ስባሪ አነሳሁና በምላሴ ነካሁት፤ ተጣበቀ። በሌንስ አየሁት፤ ቅንጣቱ ድቡልቡል አይደለም፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ሹል ሹል ነው፣ መሃሉ ላይም የአረፋ ድንጋይ ፍርፋሪ አለ። ይህ አመድ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የተጋገረ አመድ። ይህን ለጴጥሮስ ብቻ በጆሮው ልነግረው እችል ነበር። ጋሽ ኃይሉ እስኪመጡ ጠብቄ፣ ሁሉም በቆሙበት ተናገርኩ።

ጋሽ ኃይሉ ድንጋዩን በምላሳቸው ነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታደለች ልክ ናት» አሉ። ከግንበኞቹ አንዱ ጴጥሮስን ወደ ላይ ወደ ታች ካየው በኋላ፣ «የተማረው እሷ ናት፣ አንተ ቦርሳ ልትይዝላት ነው የመጣኸው?» አለው። ሰዎቹ ሳቁ። ጴጥሮስም ሳቀ። ጆሮው ግን ቀላ፤ እስከ አንጋጫ ድረስ ከመስኮቱ ውጭ ሲያይ ነበር። አንጋጫ የእናቱ ቤት ገብተን ቆጮ በአይብና በጎመን በላን። ዳጣ አቀረቡልን፤ ዓይን የሚያስለቅስ። እናቱ ለእኔ ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ፤ ልጃቸውን ምን እንዳደረግኩት አያውቁም።

ሀደሮ የደረስነው ጥቅምት ሲጀምር ነው። አገሩ ዝንጅብል ይሸታል። በየደጁ፣ በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ይደርቃል፤ መኪናው ሲያልፍ አቧራው ራሱ አፍንጫ ያቃጥላል። ከከተማው በታች መንገዱ ያበቃና ቁልቁለቱ በእግር ነው፤ ድንኳኖቻችንን እዚያው ተከልን። በሁለተኛው ቀን፣ ከፍ ባለው ቦታ፣ ጋሽ ኃይሉ የሚፈልጉትን አገኙ። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ቁመቱ ከሰው የማይበልጥ፣ ቀላ ያለ ድርብርብ ነበር። ቅንጣቱ ክብ፣ አንዳንዱ በፀሐይ ብልጭ የሚል፣ ማጣበቂያው የብረት ዝገት። እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ብዙ ቆሙ። የመንደሩ ወንዶች «የአሸዋ ድንጋይ» እንደሚሉት ነገሩን። ይህኛው እውነትም የአሸዋ ድንጋይ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ኃይሉ ከላይ ቀርተው ሲለኩ፣ እኔንና ጴጥሮስን ከታች ካለው ጅረት ናሙና እንድናመጣ ላኩን። ጅረቱ አጠገብ አንድ ቤት ነበር። ደጁ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የልጃቸው ሚስት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ያዘለች ሴት፣ የጅረቱን ግድግዳ አሳየችን። ቤታቸው የተሠራበት የመሠረት ድንጋይ ከዚያ የወጣ ነው። ጴጥሮስ ናሙናውን በመዶሻ ሲያወጣ እኔ ቅጹን ያዝኩና በከምባትኛ ይህን ድንጋይ ምን ትሉታላችሁ ብዬ ጠየቅኋት።

መሬት አየች። ነጠላዋን በአገጯ ላይ ሳብ አደረገች። ከዚያ ወደ ቤቱ ደጅ ሳትዞር ቀስ ብላ፣ «የወንዝ ዱቄት» አለችኝ። የወንዝ ዱቄት ድንጋይ።

ጻፍኩት። ድምፁን በከምባትኛ፣ ትርጉሙን በአማርኛ። ከትናንቱ ስም የተለየ፣ ሰምቼ የማላውቀው ስም ነው። ቅጹን ለጴጥሮስ ሰጠሁት። አነበበው። ሴትየዋን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ። «የወንዝ ዱቄት» አለ ለራሱ። ፈረመና መለሰልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ኃይሉ ቅጹን ሲያነቡ ፊታቸው በራ። ሰዉ ሁለት ስም ከሰጠ ሁለት ድርብርብ አለ፤ የታችኛው ይበልጥ የላመ፣ ይበልጥ የቆየ ሊሆን ይችላል። «ጎበዝ» አሉኝ። ደብዳቤ ጽፈው ሾፌራቸውን ሆሳዕና ሄዶ ለቢሮ እንዲልከው አዘዙት። ደብዳቤው ላይ ሁለተኛ የአሸዋ ድንጋይ ዓይነት መገኘቱን ጽፈዋል። በማስታወሻቸው ላይ የሰጡትንም ጊዜያዊ ስም አሳዩኝ፤ የቤቱ አካባቢ የሚጠራበት ስም ነበር። ስሜ የለበትም፣ ግን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ያን ቁልቁለት ስወጣ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

የሚቀጥለውን ቀን ሙሉ የታችኛውን ድርብርብ ስንፈልግ ዋልን። ጅረቱን ወርደን፣ ሌላ ጅረት ወጥተን፣ ድንጋይ ሥር ጎንበስ ብለን። በማግስቱም ደገምን። የወቅቱ ያልሆነ ዝናብ መጣና አጨቀየን። ጋሽ ኃይሉ ተንሸራትተው ጉልበታቸውን አቆሰሉ፤ አሲዱ የነበረበት ጠርሙስም ተሰበረ። ያገኘነው ሁሉ ያው የላይኛው ነበር፤ ያው ቅንጣት፣ ያው ዝገት። በሁለቱ ቀን ውስጥ ጴጥሮስ ሃያ ቃል አልተናገረም።

በመጨረሻ ጋሽ ኃይሉ ወደዚያ ቤት ወሰዱን። ከላይ ያወጡትን ናሙና በአንድ እጃቸው፣ ከጅረቱ የወጣውን በሌላ እጃቸው ይዘው ለሴትየዋ አሳዩአት። ልዩነቱ ምንድን ነው ብለው በእኔ በኩል ጠየቋት። ሴትየዋ ሁለቱንም አይታ ቀና ሳትል ቆመች።

ያኔ ጴጥሮስ ተናገረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትህትና። «ጋሼ፣ ባሊሻ ነው» አለ። «ሴትየዋ አማቷን አክብራ ነው።»

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በከምባታ፣ በእኛም በሀዲያ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስማቸው የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። ወተት ቢሆን፣ ጨው ቢሆን፣ መንገድ ቢሆን ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። ይህ አክብሮት ባሊሻ ይባላል። የሽማግሌው ስም የሚጀምረው በከምባትኛ አሸዋ የሚባለው ቃል በሚጀምርበት ድምፅ ነበር። ስለዚህ ለዚያች ሴት አሸዋ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። የወንዝ ዱቄት ነው ያለው።

ጋሽ ኃይሉ ለማረጋገጥ ሽማግሌውን ጠየቁ። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ደስ አላቸው። ድንጋዩ አንድ ነው፣ እኔ የአሸዋ ድንጋይ እለዋለሁ፣ ልጄ ግን ጨዋ ናት አሉ። በኩራት ነው የተናገሩት።

ጋሽ ኃይሉ ወደ እኔ ዞሩ። አልጮኹም። ሰውየው ጮኸው አያውቁም። «ደብዳቤው ሄዷል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስትነግርሽ ያየሽው ነገር አልነበረም? የሚያጠራጥር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልነበረም» አልኩ። «በግልጽ ነው የነገረችኝ። እኔ ከተማ ነው ያደግኩት፤ በእኛ ቤት ይህ ወግ የለም።»

ይህን በአማርኛ ነው የተናገርኩት። ሴትየዋ ግን ሀደሮ ገበያ የምትወጣ ሴት ናት፤ አማርኛ ትሰማለች። መጀመሪያ ልጇን አስተካክላ አዘለች። ከዚያ በከምባትኛ፣ እኔና ጴጥሮስ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣ «አይተሽኛል እኮ» አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም። ቤት ገብታ የደረቀ ዝንጅብል በቅጠል ጠቅልላ አመጣችና ለጋሽ ኃይሉ ሰጠች። እንግዳ በባዶ እጁ አይሸኝም።

አይቻታለሁ። ከዚህ በላይ ልሸሽ አልችልም። መሬት ስታይ፣ ነጠላዋን ስትስብ፣ ወደ ሽማግሌው ሳትዞር ስትናገር አይቻለሁ። በእኛ ቤት ወጉ የለም ያልኩት እውነት ነው፤ አባቴ ወንጌላዊ ስለነበር እናቴ እንዲህ ያለውን ትታዋለች። ዱራሜ ያለችው አክስቴ ግን አልተወችም። በልጅነቴ ስንጠይቃት የአክስቴን ቃላት እየሰበሰብን እንጫወትባቸው ነበር። ያን ቀን ጅረቱ ዳር «የወንዝ ዱቄት» ስትለኝ፣ የልቤ አንዱ ጥግ ይህ እንደ አክስቴ አነጋገር ነው ብሎኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብጨምር ይጣራ ነበር። አልጨመርኩም። አዲስ ስም ፈልጌ ነበር። ያ አዲስ ስም አዲስ አበባ ነበር፤ ፎንቆ አለመግባት ነበር።

የጴጥሮስ ፊርማ ወረቀቱ ላይ ነበር። ያን ጊዜ «እሱም አንብቦ ፈርሟል፣ ከእናቱ ቤት የሚያውቀውን ነገር ነው ዝም ያለው» ማለት እችል ነበር። አንጋጫ መንገድ ላይ ላዋረድኩት እንደከፈለኝ ገብቶኛል። ያልተናገርኩት ግን ለእሱ አዝኜ አይደለም። እኔ ፊርማውን ካነሳሁ እሱ የሴትየዋን ቃል ያነሳል። ሁለታችንም አንዳችን የሌላውን ይዘን ዝም አልን።

በኅዳር ጋሽ ኃይሉ ጴጥሮስን ይዘው ሄዱ። ለእኔ ጥሩ የምስክር ወረቀት ጻፉልኝ፤ በእሱም የመምህርነት ሥልጠና ገባሁ። ከዚያ በፊት ግን በጥር ሠርጉ ሆነ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ፎንቆ በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ የአማቴን ስም መጥራት ተውኩ። የወንጌላዊ ልጅ ነኝ፣ ብጠራው የሚወቅሰኝ አልነበረም። ግን አልጠራሁትም። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ስማቸው ከሚጀምርበት ድምፅ ርቄ ኖርኩ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ቤት ስመለስ ሌላ ቃል እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ አማቴም አልጠየቁኝም። ለማን እንደምከፍል ግን እኔ አውቀው ነበር።

ወደዚያ ቁልቁለት ተመልሼ አልሄድኩም። ሴትየዋ በሕይወት ካለች ዕድሜዋ ሰባን አልፏል።

በምረቃው ቀን ሰው ሲወጣ ጴጥሮስ በር ላይ አገኘኝ። በከዘራው ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር መሰለኝ። «ኢንጂነር፣ ጥሩ ተናገሩ» አልኩት።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትዪኝ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስምሽን አልጠራሁም። ሴትየዋ ያለችውንም አልተናገርኩም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለባለቤቴም።»

እንደ ውለታ ነው የነገረኝ። ከአርባ ዓመት በላይ እንደያዘልኝ ዕቃ። ከሳቁ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው።

«ፊርማህንስ?» አልኩት። «እሱንም አልተናገርክም።»

«ፊርማዬን ጋሽ ኃይሉ ያውቁት ነበር» አለኝ። «ያኔውኑ ማታ ሄጄ ነገርኳቸው። አውቄ ነው የፈረምኩት፣ ተናድጄባት ነው አልኳቸው። ደሞዜን ይቀጡኛል ብዬ ነበር። ምንም አላሉኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጣህን አዘጋጅ አሉኝ።»

ሰዎች መጥተው እጁን ያዙት፣ ፎቶ እንነሣ አሉት። እኔ ባጃጅ ጠርቼ ቤቴ ገባሁ።

የነገረኝ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ጋሽ ኃይሉ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት እሱ ያሸነፈኝ ፊርማውን ደብቆ ነው ብዬ ኖሬያለሁ፤ ይህን እምነቴን በጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ በር ላይ ቆሞ ወሰደብኝ። ደግሞ እውነት ከሆነ፣ ያን ማታ እሱ የሄደበትን የጋሽ ኃይሉን ድንኳን እኔም አውቀው ነበር፤ ከእኔ ድንኳን ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር።

አንጋጫ መንገድ ላይ ስላደረግኩት ይቅርታ አልጠይቀውም። እሱም ስለ ፊርማው ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሴትየዋ ያለችኝን ግን ይኸው በእጄ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ ጴጥሮስ የሚደብቅልኝ ነገር የለም።